ከኳሱ ጎን አንድ ሙያ

ልጃችን ኳስ ላይ ጎበዝ ሲሆን ብዙዎቻችን ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። ወይ «ትምህርትህን ያዝ» ብለን ኳሱን እንደብቅበታለን፤ ወይ ገና በአሥር ዓመቱ በሐሳባችን ለውጭ ክለብ እናስፈርመዋለን። የሉቺያኖ ቫሳሎ ሕይወት ግን ሦስተኛ መንገድ ያሳየናል።

ሉቺያኖ በ1927 ዓ.ም. አስመራ ተወለደ። እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር ነበር። በዚያ ዘመን ክልስ ሆኖ ማደግ ቀላል አልነበረም፤ ለሐበሻው ፈረንጅ፣ ለፈረንጁ ሐበሻ ነው። እሱ ግን መካኒክነት ተማረ፤ ኳሱንም አልተወም። በኋላም ድሬዳዋ ወርዶ ለጥጥ ፋብሪካው ክለብ፣ ለኮተን ተጫወተ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ከግብፅ ጋር ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ስትገናኝ አምበሉ ሉቺያኖ ነበር። ቡድናችን ሁለት ጊዜ ተመራ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ 2 ለ 2 ያደረገው እሱ ራሱ ነው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። ሉቺያኖም ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ያንን ዋንጫ ዳግም አላነሳንም።

ጫማውን ከሰቀለ በኋላ አሠልጣኝ ሆነ፤ ብሔራዊ ቡድኑንም መራ። በደርግ ዘመን ግን አገር ጥሎ ወደ ጣሊያን ተሰደደ። በባዕድ አገር የትናንት አምበልነት እንጀራ አይሆንም። ሮም አጠገብ ባለችው ኦስቲያ እንጀራ የሆነው የልጅነት ሙያው ነው፤ ጋራዥ ከፍቶ መኪና ጠገነ፣ ሕፃናትንም ኳስ አስተማረ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ አረፈ።

የእኔ ሥራ ማርኬቲንግ ነው፤ አንድ ምርት ብቻ የያዘ ድርጅት ገበያው ሲዞርበት ምን እንደሚገጥመው አያለሁ። የልጅም ነገር እንዲሁ ነው። ጉዳት፣ ዕድሜ ወይም የዘመን መለወጥ ኳሱን ሊነጥቀው ይችላል፤ የተማረውን ሙያ ግን ማንም አይወስድበትም። ስለዚህ አዲስ አበባ አካዳሚ የሚመላለሰውንም ሆነ ዘመሮ ሜዳ ላይ የጨርቅ ኳስ የሚያባርረውን ልጅ «ኳስ ወይስ ትምህርት?» ብለን አናስጨንቀው። ይጫወት። እኛ ደግሞ ከኳሱ ጎን በእጁ የሚይዘውን አንድ ሙያ አብረነው እንፈልግለት።