በማኅበር የወጣ በማኅበር ይመለስ

ከእስጳንያ ምድር በስተምሥራቅ፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ፣ ማዮርካ የምትባል ደሴት አለች። ስፋቷ 3,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በሰሜን ምዕራቧ በኩል ትራሙንታና የሚባለው የተራራ ሰንሰለት እንደ ቅጥር ቆሞባታል፤ ከፍተኛውም ጫፍ ከ1,400 ሜትር ያልፋል። ክረምቷ ለዘብ ያለ ስለ ሆነ፣ የሰሜን ኤውሮፓ መንገድ በበረዶና በብርድ በሚከፋበት ወራት፣ ከእንግሊዝም ከጀርመንም ከሌላውም አገር ቢስክሌት ነጂዎች ወደዚያ እየተሰበሰቡ፣ በአንድ ሰፈር ሆነው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት በኅብረት ይለማመዳሉ። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 (ዘመኑን የምንጽፈው በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቱር ደ ፍራንስ በተባለው ታላቅ ውድድር የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ከሆነ ወዲህ፣ ይህ ሙያ ለአንባቢዎቻችንም እንግዳ አይደለም። በሰፈሩ ከሚገኙት መካከል በዚሁ ሙያ የሚተዳደሩ ተወዳዳሪዎች አሉ፤ የሚበዙት ግን ከሥራቸው ያገኙትን ጥቂት የዕረፍት ቀን ለልምምድ የሚሰጡ ሰዎች ናቸው። ነገራችን ስለ እነዚህ ነው።

በቢስክሌት የሚሄድ ሰው በሜዳ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚታገለው ከነፋስ ጋር ነው። ከፊቱ ሌላ ሰው ቀድሞ እርሱ ተጠግቶ ቢከተለው፣ ከድካሙ እስከ ሲሶ የሚደርስ ይቀልለታል። ስለዚህ በማኅበር የሚሄዱ ሰዎች ፊት መሪነቱን በየተራ ይቀባበላሉ፤ ነፋሱን የተቀበለው ጥቂት ቆይቶ ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ተከታዩ በስፍራው ይተካል። ይህ ሥርዓት በተጠበቀ ጊዜ ደካማው ከብርቱው ጋራ እኩል ይውላል። መንገዱ ወደ ተራራ ሲያቀና ግን ነገሩ ይለወጣል። አካሄዱ ስለሚዘገይ የነፋሱ ትግል ያንሳል፤ የሚከብደው የገዛ ሰውነት ነው። ከፊት ያለው ሰው ለኋለኛው የሚያተርፍለት ጥቂት ነውና እያንዳንዱ ለየራሱ ይሆናል። ማኅበሩም የሚፈርሰው በዚሁ ስፍራ ነው።

የምንነቅፈው ልማድ አለ። ብርቱው ሰው በሜዳው ከሌላው ጀርባ ተሸሽጎ ይውልና፣ ዳገቱ ሲጀምር ጉልበቱን ለማሳየት ይፈተለካል። ደካማው ደግሞ እንዳያፍር ከዐቅሙ በላይ ይከተለዋል። የመጀመሪያው ቀን እንዲህ በፉክክር ያልፍና በሦስተኛው ቀን እግር ይከዳል። ልምምድ ማለት ሰውነት ድካምን ተቀብሎ፣ በዕረፍትና በምግብ ተጠግኖ፣ ከቀድሞው ይልቅ እንዲበረታ ማድረግ ነው፤ ዕረፍት ያልተከተለው ድካም ግን የነበረውን ጉልበት ሳይቀር ያፈርሳል። የነጋዴ ጓዝ የሚጓዘው በተጫነው አጋሰስ ልክ እንጂ በነጋድራሱ በቅሎ ልክ አይደለም። እንዲህ ከሆነ የብርቱው ልምምድ ይጎድላል የሚሉ አይታጡም። መልሱ ቀላል ነው፤ በሜዳው ነፋሱን ከሌላው አብልጦ ይቀበል፤ በዳገቱም ጫፍ ከደረሰ በኋላ ተመልሶ ወርዶ ከመጨረሻው ሰው ጋራ ዳግመኛ ይውጣ። ይህም ካልተመቸ ሰፈሩ እንደ ዐቅሙ በሁለትና በሦስት ይከፈል፤ ምንም ነውር የለበትም።

ለዚህ ሁሉ ሳ ካሎብራ የሚባለው መንገድ ጥሩ ምስክር ነው። መንገዱን ያወጣው አንቶኒዮ ፓሪየቲ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ ሥራው በ1932 ተፈጸመ። 680 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው የተራራ ትከሻ ተነሥቶ፣ እንደ እባብ እየተጣጠፈ፣ 9 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ወርዶ ከባሕሩ ዳር ይደርሳል። በአንድ ስፍራ መንገዱ ክብ ዞሮ በራሱ ሥር ያልፋል፤ ይህንንም የከረባት ቋጠሮ ይሉታል። መሐንዲሱ ከረባቱን ሲያስር አሳቡ መጣለት ቢባልም፣ ለእኛ ግን ከከረባቱ ይልቅ ተራራው ራሱ ያስገደደው ይመስለናል። ከታች ለሚነሣ ሰው በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። ከባሕሩም ዳር ሌላ የመኪና መንገድ የለም፤ የወረደ ሁሉ በወረደበት መውጣት፣ አለዚያም ጀልባ መጠበቅ ግዴታው ነው።

እንግዲህ የሰፈሩ መሪ ፍርዱን የሚሰጠው ታች ሳይሆን ላይ ነው። የደከመውንና ያልበላውን ለይቶ ማስቀረት ያለበት ከመውረዱ በፊት ነው። ደግሞ በሰው ፊት «የሚቀር ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት አያገኝም፤ እያንዳንዱን ለብቻው ቀርቦ ይጠይቅ።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይልቅ ያሰጋል። በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን ቋጥኝ ሆኖ፣ እንግዶችን የጫነ አውቶቡስ ከመታጠፊያው ድንገት ብቅ ይላል። በጥር ወር 2016 ጃያንት-አልፔሲን የተባለው ቡድን 6 ነጂዎች በእስጳንያ ዋና ምድር ሲለማመዱ፣ ወገኑን ስቶ የመጣ መኪና ገጭቶ አቁስሏቸዋል፤ በ2015 የፓሪስ-ሩቤን ውድድር ያሸነፈው ጆን ዴገንኮልብም ጣቱን ሊያጣ ምንም አልቀረው ነበር። እነዚህ በሙያው የታወቁ ሰዎች ነበሩ። የእስጳንያ ሕግ ባለ መኪናው ቢስክሌተኛውን ሲያልፍ ቢያንስ 1.5 ሜትር እንዲርቅ ያዝዛል፤ ቢስክሌተኞቹም ከከተማ ውጭ የራስ ቁር እንዲደፉ፣ ከሁለት በላይ ጎን ለጎን እንዳይሄዱ፣ መንገዱ አርቆ በማይታይበት ስፍራም በአንድ ረድፍ እንዲሆኑ ያዝዛል። ከሁለቱ ትእዛዝ ፊተኛውን በቃሉ የሚያውቅ፣ ኋለኛውን ግን የሚረሳ ብዙ ነው። የደሴቱ ሰው ግን ወደ ወይራ እርሻውና ወደ ገበያው የሚሄደው በዚሁ ጠባብ መንገድ ነው፤ ዓመት እስከ ዓመት እየመጣ መንገዱን የሚሞላበትን እንግዳ የሚታገሠው እርሱ ነውና፣ ክብር ይገባዋል።

ከሳ ካሎብራ ወጥተው በተራራው መንገድ ወደ ምሥራቅ ለሚመለሱት፣ ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ተሳላሚ የሚቀበለው የልዩክ ገዳም በመንገዳቸው አጠገብ ይገኛል። ውሃና ጥላ ስላለ ነጂዎች በዚያ ማረፍን ለምደዋል። መሪው ሰዎቹን በዚያ ደጃፍ ይቁጠር፤ የመጨረሻው ሰው ደርሶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ እንደ ሌሎቹም ልክ ዐርፎ እስኪነሣ ድረስ፣ ማንም እግሩን ወደ ፔዳሉ አያንሣ።