«እማዬ፣ አንቺ ቁጭ በይ» ማለት ብቻውን አክብሮት አይደለም



ቤታችን ያሉ ትልልቅ ሰዎችን እንዴት ነው የምናከብረው? ቡናውን ሌላ ሰው ያፈላል፣ ውሃ እጃቸው ድረስ ይመጣል፣ ሊነሱ ሲሉ «ቁጭ በሉ» እንላለን። ከዚያ ቲቪ ከፍተንላቸው እኛ ስልካችን ውስጥ እንገባለን። ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። እንደ ሐኪም ግን ይሄ አክብሮት እየጎዳቸው ነው ባይ ነኝ። የማይሠራ ጡንቻ እኮ ይደክማል፤ የደከመ እግር ደግሞ ይጥላል።

እየሄዱ ማውራት ለእኛ ምንም አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ ግን መራመድ ራሱ ሐሳብ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት ላይ የወጣ የስዊድን ጥናት 58 አረጋውያንን ተከታትሎ ነበር። እየተራመዱ ወሬ ሲጀመርላቸው የሚቆሙት 12 ሲሆኑ፣ ከእነሱ 10ሩ በ6 ወር ውስጥ ወድቀዋል። ስለዚህ አካልና አእምሮን አንድ ላይ ማሠራት ልምምድ ይፈልጋል። መቆም ለሚፈሩት ደግሞ ከወንበር መጀመር ይቻላል።

ጎማ የሌለው፣ መደገፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፉ። እግራቸው መሬት ይንካ።

👉 እንደሚራመድ ሰው ጉልበታቸውን እያፈራረቁ ያንሱ፤ እያነሱም ከ50 ወደ ኋላ በ3 እየቀነሱ ይቁጠሩ። ከከበደ በ1 ይሁን።

👉 «12» ስትሉ «ሚካኤል» ብለው ቀኝ እጃቸውን፣ «19» ስትሉ «ገብርኤል» ብለው ግራ እጃቸውን ያንሱ። ሙስሊም ከሆኑ ወራቱን ከረመዳን ወደ ኋላ፣ ሻዕባን፣ ረጀብ እያሉ እግራቸውን ተራ በተራ ይዘርጉ።

👉 የተጠቀለለ ካልሲ ወርውሩላቸው፤ በያዙት ቁጥር ከገበያ የሚገዛ አንድ ነገር ይጥሩ። መድገም የለም!

ቢሳሳቱ አትቆጧቸው፣ አብራችሁ ሳቁ። ትንሽ ከበድ ሲል ነው የሚጠቅመው። በ5 ደቂቃ ጀምሩና ቀስ በቀስ ጨምሩ።

እውነቱን እንነጋገር፤ ይሄ የመርሳት በሽታን አያድንም። መራመድ ለሚችል ሰውም የእግር ጉዞን አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ሚዛንና ጥንካሬን የሚያዳብር እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀንና ከዚያ በላይ ይመክራል። ወንበሩ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም።

⚠️ የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያው ይቁም። በቅርቡ ስትሮክ፣ ስብራት ወይም ቀዶ ሕክምና ከነበረ፣ ወይም ደም ግፊቱ ካልተስተካከለ መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ። መርሳቱ እየባሰ ከሄደም «ዕድሜ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ አስመርምሯቸው።

ውጭ አገር ያላችሁ፣ ብር መላካችሁ ጥሩ ነው። አጠገባቸው ሰው ካለ ግን በቪዲዮ ኮል 10 ደቂቃ አብራችሁ መቁጠርም ትችላላችሁ። እኛ እዚህ ያለነው ደግሞ ምክንያት የለንም፤ ዛሬ ማታ ስልኩን አስቀምጠን ወንበር እንሳብ።

ወላጅ ላለው ሰው ሁሉ ሼር አድርጉ።