ውስጡ ምን እንዳለ ንገሩን

የ«ቦርጭ ማጥፊያ» ዱቄትና ሻይ ለምታዘጋጁ፣ ለምትሸጡና ማስታወቂያውን ለምታስነግሩ ወገኖቼ፤

የምጽፍላችሁ ከላስታ ላሊበላ ነው። ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ተዳክማ መጣች። ተቅማጡ አልቆም ብሏት ልቧ በኃይል ይመታል፤ መቆም አቅቷት ደግፈን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ሻንጣዋ ውስጥ ባገኘነው ብልቃጥ ላይ «ከላስታ ደጋ የተገኘ የአባቶች ጥበብ» ይላል። ውስጡ ምን እንደሆነ አልተጻፈም። ስንት እንደሚጠጣ አልተጻፈም። ማን መጠጣት እንደሌለበት አልተጻፈም። ሐኪሙ «ምን ወስዳ ነው?» ሲለኝ ምን ልመልስለት?

ደግሞስ የየትኞቹ አባቶች ጥበብ ነው? በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ዙሪያ ያደጉ ሽማግሌዎችና እናቶች የሴቴውን ኮሶ አበባ አድርቀው፣ ፈጭተው፣ በውኃ ዘፍዝፈው ሲሰጡ የሰውየውን አቅም አይተው ይለኩ ነበር። ለነፍሰ ጡር አይሰጡም። ኮሶ የጠጣ ሰው ቤቱ ይውላል፤ ሥራ አይታዘዝም። መጠኑ ካለፈ እንደሚገድል ያውቁ ነበርና። የሚሰጡትም ለኮሶ ትል እንጂ ስብ ሊያቀልጡበት አልነበረም።

እናንተ የምትሸጡት ኮሶ ይሁን ሰናመኪ ማን ያውቃል? ሆድ የሚያስቀምጥ ነገር ከሆነ ሚዛኑ ላይ የጎደለው ውኃ ነው። ከውኃው ጋር ፖታሲየም ይወጣል፣ ልብ ይታወካል፤ ስቡ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ይህን አታውቁም? አውቃችሁስ ትሸጣላችሁ?

ዕፅ መድኃኒት አይሆንም አልልም። ተመራማሪው አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲያይ፣ እንዶዱን ብልቃጥ ሞልቶ ለገበያ አላወጣም። ቤተ ሙከራ ገብቶ ለዓመታት ፈተነው፤ ያገኘውንም በአደባባይ ገለጠው። እናንተ የፈተናችሁት በማን ላይ ነው? በእህቴ ልጅ ላይ?

ብራስልስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ለመቅጠን ብለው የቻይና ዕፅ የወሰዱ ከመቶ በላይ ሰዎች ኩላሊታቸው ተበላሽቷል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። የተሰጣቸው ዱቄት የአንድ ዕፅ ስም ይዞ ውስጡ ግን ኩላሊት የሚጎዳ ሌላ ዕፅ ነበረበት። የእናንተው ብልቃጥ ግን የዕፅ ስም እንኳ የለውም።

የሚያመኝ ሌላም ነገር አለ። ላስታ በረኃብ ስንት ሰው የቀበረ አገር ነው። የዚህን አገር ስም ወስዳችሁ በልጆቹ ሆድ ላይ ስትነግዱ አይከብዳችሁም? ጾም የምታውቁ፣ ፈጣሪን የምትፈሩ ሰዎች አይደላችሁም? የሰው ነፍስ አደራ መሆኑን ለእናንተ ማስተማር አለብኝ?

የአየር ሰዓት የምትሸጡላቸው ጣቢያዎችም፣ መቆጣጠር የተሰጣችሁ ኃላፊዎችም ኅሊናችሁን ጠይቁ። አንድ ጊዜ እንኳ «ውስጡ ምንድን ነው?» ብላችኋል?

እናንተም ወገኖቼ፣ የዕፁን ስም ጻፉ፤ መጠኑን ጻፉ፤ ማን መጠጣት እንደሌለበት ጻፉ። ይህን መጻፍ ያቃታችሁ ውስጡን ራሳችሁ ስለማታውቁት ከሆነ፣ በምን ልባችሁ ለሰው ልጅ ታጠጡታላችሁ?