የፃግብጂን ስም ዝርዝር ማን ይዟል?

ቦስኒያ ውስጥ ፖቶቻሪ የምትባል መንደር አለች። በሐምሌ 1987 ዓ.ም. በስሬብሬኒትሳ የተጨፈጨፉት ከ8,000 በላይ ሰዎች ስም እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። ጭፍጨፋውን የሚክድ ዛሬም አልጠፋም፤ ሲክድ ግን ዝርዝሩ ፊቱ ተገትሮ ነው።

እኛስ? የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ክረምት ወደ ዋግ ሲዘልቅ ፃግብጂና አበርገሌ ክፉኛ ተጎዱ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የሰላም ስምምነቱ ፕሪቶሪያ ላይ ሲፈረም አዲስ አበባ «እፎይ» አለች፤ ከሁለቱ ወረዳዎች የተፈናቀለው ብዙ ሰው ግን ከዚያም በኋላ ሰቆጣና ዙሪያዋ ስንዴ ሲሰፈርለት ከረመ። ስለ እሱ የምንሰማው በቁጥር ነው፤ ይህን ያህል ሺህ ተፈናቃይ፣ ይህን ያህል ኩንታል እህል። ቁጥር እርዳታ ያስመጣ ይሆናል፤ ሙት ግን አያስለቅስም።

የዋግ ታሪክ ድሮም የሚጻፈው ከላይ ከላይ ነው። ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው መንገሣቸውን እናውቃለን። ጣሊያን በ1930 መባቻ አንገታቸውን የቆረጣቸውን ደጃዝማች ኃይሉ ከበደንም እናውቃለን። የኢትዮጵያ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ (ኢሕዴን) በ1973 ዋግ ላይ መመሥረቱንማ በየዓመቱ ኅዳር 11 ሲነገረን ኖሯል። ከደጃዝማቹ ጋር የወደቀው ገበሬና ለታጋዩ እንጀራ የጋገረችው ሴት ግን ማን ይባሉ ነበር?

ሐውልት ይሠራ አልልም፤ ሐውልት ኮሚቴ ይፈልጋል፣ ኮሚቴ ደግሞ አበል። ለየቀበሌው አንድ ደብተር ይበቃል። ቄሱ የንስሐ ልጆቻቸውን ያውቃሉ፣ የዕድሩ ዳኛ ማን በወግ ተቀብሮ ማን ሜዳ እንደቀረ ያውቃል፣ መምህሩ ይጽፋል። የሟቹ ስም ከነአባትና አያቱ፣ ዕለቱ፣ ቦታው፤ ከዚያ የተነዳው በሬ፣ የተገለበጠው ቀፎ፣ የተቃጠለው ጎተራ። እናት በኽምጣኛ ከተናገረች በኽምጣኛ ይጻፍ፤ ልጆቿ ትምህርት ቤት የሚማሩበት ቋንቋ ነው። ገዳዩ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ አብሮ ይስፈር። እዚህ ላይ የሚያፈገፍግ እንደሚበዛ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የአንድ ወገን በደል ብቻ የሰፈረበት ደብተር ዳኛ ፊት ውሃ አያነሳም።

የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው በሚያዝያ 2016 ጸድቋል። ቀኑ ደርሶ የፃግብጂ ሰው «ምስክርህን አቅርብ» ሲባል፣ ያዩት ሽማግሌዎች ሁሉ በሕይወት አይጠብቁትም። ደብተሩ በዚህ በጋ ይጀመር።