ማደያው ያልታሰበለት ተሽከርካሪ

የአዲስ ተሽከርካሪ በጎዳና ላይ መታየት ብቻውን የዕድገት ምልክት ሊሆን አይችልም። ኃይሉን የሚቀበልበት ጣቢያ አስተማማኝ በሆነ ሁኔታ እስካልተደራጀ ድረስ ባለንብረቱ የገዛው ጭንቀት ነው። ለዚህም የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ተሞክሮ በቂ ማስረጃ ነው።

የግዛቲቱ አገረ ገዥ አርኖልድ ሽዋርዘኔገር እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ትእዛዝ «የሃይድሮጅን አውራ ጎዳና» እንዲዘረጋ ወሰኑ። እስከ 2010 ከ150 እስከ 200 ማደያዎች ይቆማሉ ተብሎ ቢታቀድም፣ ቀነ ገደቡ ደርሶ ግቡ ሳይመታ ቀረ። በ2013 የወጣ ሕግ ደግሞ ቢያንስ 100 ማደያዎች እስኪቆሙ ድረስ በዓመት እስከ 20 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። ይሁንና በ2019 በሳንታ ክላራ በአንድ የሃይድሮጅን ተቋም የደረሰው ፍንዳታ የአካባቢውን ማደያዎች ያለ አቅርቦት አስቀረ፤ በ2024 ሼል ኩባንያ በግዛቲቱ የነበሩትን የአውቶሞቢል ሃይድሮጅን ማደያዎቹን ለዘለቄታው ዘጋ። በመንግሥት ቃል ተማምኖ መኪናውን የገዛው ዜጋ ሜዳ ላይ ቀረ።

ለመሆኑ ጉድለቱ ከምን መነጨ? ማደያ ሲቆጠር፣ ከማደያው በስተጀርባ ያለው ምርት፣ ማጓጓዣና ጥገና በእኩል ክብደት ስላልታየ ነው።

ይህ ለእኛ የባሕር ማዶ ወሬ ብቻ አይደለም። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር 2016 ዓ.ም. አስታውቋል። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በኤሌክትሪክ ከውኃ ሃይድሮጅን አውጥቶ መኪና መንዳት ከግማሽ የበለጠውን ኃይል ስለሚያባክን፣ ባትሪን በቀጥታ መሙላት ለአውቶሞቢልና ለአውቶቡስ የሚበጅ መንገድ ነው። ነገር ግን ግድቡ በራሱ በየሰፈሩ የኃይል መሙያ አያቆምም።

ከዚህ አኳያ ጉዳዩን በኃላፊነት የያዘ የመንግሥት ሠራተኛ ሥራው የሚለካው በተመረቁ ጣቢያዎች ብዛት ሳይሆን በየዕለቱ አገልግሎት በሚሰጡት መሆን ይገባዋል። ቅድሚያውም ሠርቶ አደሩ ማለዳ ተሰልፎ ለሚጠብቀው አውቶቡስ ሊሰጥ ይገባል። የሰፈር ማኅበራት አባላትም አመቺ ቦታ በመጠቆም፣ መስመሩን ከጉዳት በመጠበቅና ብልሽትን ሳይውል ሳያድር በማሳወቅ የበኩላቸውን ድርሻ ማበርከት ይጠበቅባቸዋል።

መኪናውን ያስገባ ውሳኔ ጣቢያውንም ያቁም!