ሳህን አጥቦ፣ ላም ጠብቆ

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀጣይ ብለው ካስተዋወቋቸው ግዙፍ ሥራዎች አንዱ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሞስኮ ላይ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የሥራ ዕቅድ ሰነድ ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ የሚሰማው ክርክር በጣቢያው ዙሪያ ነው፤ የት ይተከል፣ ስንት ሜጋዋት ያመንጭ፣ ብድሩ ከየት ይምጣ፣ ዝቃጩ የት ይቀበር። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከእነዚህ ሁሉ መቅደም የነበረበት ሌላ ጥያቄ ነው። ይህን ጣቢያ ከ15 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ የሚያንቀሳቅሰው፣ የሚቆጣጠረው፣ «አቁሙት» ሲል ቃሉ የሚሰማለት ኢትዮጵያዊ ዛሬ ስንተኛ ክፍል ነው? ዕድሜውን ስናሰላው ልጅ ነው። ቢቸና ወይም ሞጣ ውስጥ በአንዲት የኪራይ ክፍል እየኖረ ይማር ይሆናል፤ ወይም ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት ከብት እየጠበቀ ነው። ስለዚህ ልጅ ለመሟገት የምጠራው ምስክር ህንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሜግናድ ሳሃ ነው።

ህንድና ኒውክሌር ሲነሱ ቀድሞ የሚጠራው የሳሃ ስም አይደለም፤ የሆሚ ባባ ነው። ባባ የቦምቤይ ባለጸጋ ቤተሰብ ልጅ፣ የታዋቂዎቹ ባለሀብቶች የታታዎች የጋብቻ ዘመድ፣ ካምብሪጅ የተማረ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ በ1945 በታታዎች ገንዘብ የምርምር ተቋም አቋቋመ፤ በ1948 የአገሪቱን የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን መምራት ጀመረ፤ በ1956 አፕሳራ የተባለችውን የመጀመሪያዋን የህንድ ሪአክተር ሥራ አስጀመረ፤ በ1966 አውሮፕላኑ ሞን ብላን ተራራ ላይ ተከስክሶ በ56 ዓመቱ ሞተ። ታላቅ ሰው ነበር፤ ታላቅነቱን አልነፍገውም። ነገር ግን የእሱ ታሪክ ለኛ የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም የጀመረው እኛ ካለንበት ቦታ አይደለም። አጎት ታታ የሌለው ልጅ ከየት ይነሣል ለሚለው መልስ ያለው ሳሃ ዘንድ ነው።

ሳሃ የተወለደው እ.ኤ.አ በ1893 ዛሬ ባንግላዴሽ በምትባለው አገር፣ ከዳካ ወጣ ብላ በምትገኝ ሰዎራታሊ በምትባል መንደር ነው። አባቱ አነስተኛ ሱቅ ነበራቸው፤ ልጆቻቸው ስምንት ነበሩ፤ ሜግናድ አምስተኛው ነው። ከአንደኛ ደረጃ በኋላ አባቱ ሱቅ ውስጥ እንዲያግዛቸው ፈለጉ። ይህ ለገበሬም ሆነ ለነጋዴ ቤት የታወቀ ፍርድ ነው፤ ፊደል ከለየ ይበቃዋል የሚባለው። መምህሩና ታላቅ ወንድሙ ግን ልጁ እንዲቀጥል ሞገቱ። የሚቀጥለው ትምህርት ቤት ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በየቀኑ የሚመላለሱበት አይደለም። አናንታ ኩማር ዳስ የተባለ የአካባቢው ሐኪም ልጁን በነፃ ቤቱ ሊያሳድረውና ሊቀልበው ተስማማ። ሁለት ግዴታ ግን ነበረበት፤ የቤቱን ላም ይጠብቃል፣ የበላበትን ሳህን ራሱ ያጥባል። የሳህኑ ነገር ከንጽሕና ጋር አይገናኝም። የልጁ የትውልድ መደብ (ካስት) ዝቅተኛ ስለሚባል የቤቱ ሰው የእሱን ሳህን አይነካም ማለት ነው። በኋላ ካልካታ ኮሌጅ ሲገባም በማደሪያው ምግብ ቤት አብረውት መብላት የተጸየፉ ተማሪዎች ነበሩ። የፊዚክስ ሊቅ የሆነው እንግዲህ ሳህኑን እያጠበ ነው።

ይህን ታሪክ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ለማንም ብትነግሩት ሩቅ አገር አይመስለውም። ከገጠር ቀበሌ ወጥቶ ቢቸና ወይም ሞጣ ሁለተኛ ደረጃ የሚገባ ተማሪ ከሁለት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት የጭቃ ክፍል ይከራያል። ስንቁን፣ ዱቄትና ሽሮ፣ በርበሬና ጥሬ፣ በማዳበሪያ ጆንያ አዝሎ በእግሩ ይገባል፤ ቅዳሜ ደግሞ ወደ ቤቱ ተመልሶ ሌላ ይጭናል። ስንቁ ሲያልቅ ትምህርቱም አብሮ ያልቃል። የሚያቋርጡትን ልጆች ሰነፎች ያልናቸው ጊዜ ይበዛል፤ ግን ሐኪም ዳስን የሚያህል ሰው ያጡ ናቸው። ከዚህም በላይ አገሩ ለዚህ እንግዳ አይደለም። ከቢቸና የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ስንት ዘመን ሙሉ በቅኔ ትምህርት ስሙ የተጠራ ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ቅኔ ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የአብነቱ ሥርዓት የሚቆመው ደግሞ በሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የሚያስተምር የኔታ አለ፣ ተማሪውን በቁራሽ የሚያቆይ አገር አለ። ሕንፃ ከኋላ ይመጣል፣ ላይመጣም ይችላል። ተማሪው የሚጠይቀው «ትምህርት ቤቱ የት ነው?» ብሎ አይደለም፤ «መምህሩ የት ናቸው?» ብሎ ነው እንጂ። ጎጃም ይህን ካወቀ ቆይቷል፤ ዘመናዊውን ትምህርት ስንተክል ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጠን ሕንፃውን አስቀደምን።

ሳሃ በሐኪሙ ቤት ላም እየጠበቀ የተማረው ነገር የት አደረሰው? ጨው ቆንጥራችሁ ከሰል ፍም ላይ በተኑ፤ ነበልባሉ ለቅጽበት ቢጫ ይሆናል። ቢጫው በጨው ውስጥ ያለው የሶዲየም አሻራ ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች የከዋክብትን ብርሃን በፕሪዝም በትነው እንዲህ ያሉ አሻራዎችን ሲያነቡ አንድ ነገር ግራ ያጋባቸው ነበር፤ አንዳንዱ ኮከብ የአንዳንድ ንጥረ ነገሮች አሻራ የለውም። ታዲያ ከዋክብት የተሠሩት ከተለያየ ነገር ነው? ሳሃ እ.ኤ.አ በ1920 ያሳተመው ቀመር ይህን ፈታ። ሙቀቱ ሲበዛና ግፊቱ ሲያንስ አቶሙ ኤሌክትሮኑን ይጥላል፤ ያን ጊዜ አሻራው ይለወጣል። ንጥረ ነገሩ አለ፤ መልኩን ቀይሮ ነው። ከዚያ ወዲህ የኮከብን አሻራ አይቶ ሙቀቱን መናገር ተቻለ። ቀመሩን ሲያወጣ 27 ዓመት አልሞላውም፤ ውድ መሣሪያም አልነበረውም። የነበረው ጥሩ መምህራን፣ ጥሩ ጓደኛ (የፊዚክስ ሊቁ ሳትየንድራ ናት ቦዝ የክፍል ጓደኛው ነበር) እና የሳይንስ መጽሔት የማግኘት ዕድል ነው። የጨውና የፍሙን ሙከራ አንድ መምህር ሞጣ ላይ በነገው ዕለት ሊያሳየው ይችላል፤ ከተጣለ ሲዲ ቁራጭ ደግሞ ብርሃን መበተኛ ይሠራል። መምህሩ ይህን ለማድረግ ጊዜና ልብ የሚኖረው ግን የቤት ኪራዩን ከፍሎ ወሩን የሚዘልቅ ደመወዝ ሲኖረው ነው።

ወደ ኒውክሌሩ ስንመጣ የሳሃና የባባ መንገድ ተለያየ፤ የክርክሬም አንጓ እዚህ ላይ ነው። ሳሃ በ1940 በካልካታ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ትምህርት ውስጥ ኒውክሌር ፊዚክስ እንዲገባ አደረገ። ተማሪውን ወደ በርክሌይ ልኮ የሳይክሎትሮን (የአቶም ቅንጣት ማፍጠኛ መሣሪያ) ሥራ አስተማረው፤ ከታታዎችም ገንዘብ ለምኖ ዕቃው ተገዝቶ ተላከ። በጦርነቱ ምክንያት ከፊሉ ዕቃ ባሕር ላይ ሰምጦ ቀረ፤ ሳሃ ግን አልተወም፤ በ1950 ዛሬ በስሙ የሚጠራው የኒውክሌር ፊዚክስ ተቋም ተመረቀ። የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ይቋቋም ሲባል ግን ተቃወመ። ይህን ሁሉ የደከመ ሰው ለምን ተቃወመ? ያለ ኢንዱስትሪ መሠረትና ያለ ሠለጠነ ሰው ኮሚሽን ማቆም ባዶ ቤት ላይ ጣሪያ መስቀል ስለመሰለው ነው። በቅድሚያ ዩኒቨርሲቲዎቹ ይጠናከሩ፣ ሰው ያፍሩ፣ አለ። በ1952 በግሉ ተወዳድሮ ፓርላማ ገባ፤ በ1954 የአቶሚክ ጉዳይ በሚስጥር መያዙን በፓርላማ ፊት ሞገተ። የሚሰማው ግን አላገኘም፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የኔህሩ ጆሮ ከባባ ጋር ነበር።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። ሳሃ ተሸንፏል፣ ባባ አሸንፏል፣ ህንድም ዛሬ ከ20 በላይ ሪአክተሮች አሏት፤ የተሸናፊውን ምክር ለምን ታመጣብናለህ የሚል። መልሴ ከባባ ከራሱ ሥራ ይጀምራል። አፕሳራ በተቀጣጠለች በዓመቱ፣ በ1957፣ ባባ የሥልጠና ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ከየዩኒቨርሲቲው የወጡ ተመራቂዎችን መርጦ አንድ ዓመት በጥብቅ የሚያስተምር። የህንድን የአቶሚክ ሥራ ከዚያ በኋላ የተሸከመው ይህ ትምህርት ቤት ያወጣው ትውልድ ነው። ሳሃ ሰው ይቅደም ሲል ባባ በመጨረሻ ያደረገው ያንኑ ነው፤ ያውም ሳሃ የተሟገተላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ያፈሩትን ልጅ ይዞ። ሁለተኛው መልስ ቁጥር ነው። ከእነዚያ ሁሉ ዓመታት በኋላ ኒውክሌር ለህንድ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ከመቶው ሦስት አካባቢ ነው። ይህን የምለው ሥራውን ለማጣጣል አይደለም። ትልቁ ትርፍ በሌላ በኩል መጣ፤ ካንሰርን በጨረር የሚያክመው፣ በጨረር አዲስ የለውዝ ዘር የሚያወጣው፣ መሣሪያውን የሚሠራውና የሚጠግነው ባለሙያ ነው ትርፉ። በ1974 ህንድ ቦምብ ሞክራ ካናዳ ትብብሯን ባቋረጠችበት ጊዜም ሥራው ያልቆመው የራሷ ሰው ስለነበራት ነው። ቦምቡን አልደግፍም፤ የእኛ አገር እ.ኤ.አ በ1970 የኒውክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለውን ውል አጽድቃለች፤ በዚያው እንድትጸና እሻለሁ። ሚስጥር የበዛበት ተቋም ወዴት ሊያመራ እንደሚችል ሳሃ ቀድሞ ማስጠንቀቁ ግን ሊዘነጋ አይገባም።

ሌላው ተቃውሞ ሩሲያ ታሠለጥንልናለች የሚለው ነው። ታሠልጥን። ግን የምታሠለጥነው ማንን ነው? በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽ ያመጡት ከመቶው 3.3 ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። መሻሻሉ ደስ ይላል፤ ግን ከአሥሩ ዘጠኙ ግማሽ በማያመጣበት አገር ለሥልጠና የሚላከው ሰው ከጠባብ ጉድጓድ የሚቀዳ ውሃ ነው። ለካንሰር ሕክምናችንም የሚያስፈልገው ይኸው ሰው ነው። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከሞጣ የምትነሣ ታማሚ በደጀን የዓባይን በረሃ ወርዳና ወጥታ አዲስ አበባ ገብታ ወረፋ ትጠብቅ ነበር። ማሽን በየክልሉ እየተከልን ስንሄድ በየማሽኑ ጎን መጠኑን የሚለካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ መቆም አለበት። የእሱ መነሻ ደግሞ የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ግን ይህ ነው፤ በጥይት መሐል ስለ አቶም ምን ታወራለህ? ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል፤ ምሥራቅ ጎጃም ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነው። ተኩስ ባለበት የፊዚክስ ክፍል አይኖርም፤ ይህን የሚተካ ዘዴ አለ ብዬ አላታልልም። የማልቀበለው ግን ሰላም ሲመጣ እናስብበታለን የሚለውን ነው። ሳሃ የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ዳካ በነፃ የትምህርት ዕድል የገባበትን ትምህርት ቤት እንግሊዞች ቤንጋልን መክፈላቸውን ተቃውመሃል ተብሎ ተባርሯል፤ ዕድሉንም ተነጥቋል። የተረፈው ሌላ ትምህርት ቤት በሩን ስለከፈተለትና ወንድሙ በወር ከሚያገኛት 20 ሩፒ ላይ 5ቱን ስለሚልክለት ነው። የዚያ ልጅ ዓመት አልባከነም፤ የእኛ ልጆች ግን ሁለት ሦስት ዓመት ባክኖባቸዋል፤ ፊዚክስ ደግሞ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ መሰላል ስለሆነ የተዘለለውን እርከን ማንም በኋላ አይሞላውም፣ አሁኑኑ ካልታሰበበት በቀር።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽና የሚቆጠር ነው። ከኒውክሌሩ በጀት ላይ ለፊዚክስና ለሒሳብ መምህራን የቤትና የደመወዝ ድጎማ ይቆረጥ፤ እንደ ቢቸናና ሞጣ ባሉ ከተሞች ከገጠር ለሚመጡ ተማሪዎች ማደሪያና ምግብ ይዘጋጅ፤ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢውን መምህራን በየክረምቱ ሰብስቦ ከነሙከራ ዕቃው ያሠልጥን። ልጆቹ ተምረው ይሰደዳሉ የሚለኝ ይኖራል፤ አንዳንዱ ይሰደዳል። ግን ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለን አስታውሱ። በደርግ ዘመን ታስረው እስር ቤት ውስጥ እስረኞችን ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር፤ ሲፈቱ ህንድ ሄደው፣ ባባ ራሱ በጦርነቱ ዘመን በሠራበት በባንጋሎሩ የሳይንስ ተቋም፣ ዶክትሬታቸውን ጨረሱ። እ.ኤ.አ በ2012 የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር የሳካሮቭን ሽልማት ሲሰጣቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ ነበር።