እንጦጦ ስንወጣ እንግዶች ነን



ከጥቂት ዓመታት በፊት የአጥቢያችንን ወጣቶች ይዘን ለአንድ ቀን ጾም ጸሎት እንጦጦ ወጣን። በመንገዳችን ላይ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው ሲወርዱ አገኘናቸው። ከወጣቶቻችን አንዱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሲያነሣ አንዲት እናት ፊታቸውን አዞሩ። እኛ መሪዎቹ አይተን ዝም አልን። ከዚያም ጫካው ውስጥ ገብተን ስለ አገራችን ድሆች በእንባ ጸለይን። ማታ ስንወርድ ጾም የፈታንበትን ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ እዚያው ትተነው ነበር።

ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመውቀስ ሳይሆን ንስሐችንን ለማካፈል ነው። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተከፈተ ወዲህ ብዙዎቻችን ለመዝናናትም ለጸሎትም ወደዚያ እንወጣለን። መልካም ነው። ነገር ግን ተራራው ባዶ ቦታ አይደለም፤ የሰው ቤት፣ የሰው እንጀራ፣ የሰው መቅደስ ነው።

“ምድሩ ሁሉ የጌታ ነው፤ ማንን እናስፈቅዳለን?” የሚሉ ወገኖች አሉ። እኛ ግን ከዚሁ እምነት ሌላ ነገር እንማራለን። ምድሩ የእርሱ ከሆነ የእኛ አይደለም ማለት ነው። ዘሌዋውያን 25 እስራኤልን እንኳ በገዛ ርስቱ ላይ እንግዳ ያደርገዋል።

ሩት ምዕራፍ 2ን እናስታውስ። ሩት በሰው እርሻ ቃርሚያ የምትለቅም ድሀ ነበረች። ቦዔዝ ከነዶው ሆን ብለው እንዲጥሉላት ጎልማሶቹን አዘዘ፤ እንዳያሳፍሯትም አስጠነቀቃቸው። እህሉን ሲሰጣት ክብሯን አልወሰደባትም። እኛ በዚያ ቀን እህሉንም አልሰጠን፣ ክብሩንም ወሰድን።

የእንጦጦ እናቶች ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም ይዘው ይወርዳሉ። “ደኑን የሚጨርሱት እነርሱ ናቸው” ስንል እንሰማለን። የብዙዎቻችን እንጀራ የተጋገረው ግን በዚያው ቅጠል ነው። ባሕር ዛፉም በአጼ ምኒልክ ዘመን የመጣው ከተማው የሚያነድደው እንጨት ስላጣ ነበር። ከእናቶቹ መካከል ሸክሙን ትተው በማኅበር ተደራጅተው ሻርፕና ነጠላ እየሸመኑ የሚሸጡ አሉ። ከእነርሱ፣ ወይም ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች፣ ዋጋ ሳናራክስ ብንገዛ እጃችን እንደ ቦዔዝ እጅ ይሆናል።

ስለ መቅደሱም እንናገር። አጼ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። በጸበሉ ዙሪያ ከሩቅ አገር የመጡ ሕሙማን ቤት ተከራይተው ለወራት ይቀመጣሉ። በአስተምህሮ እንለያያለን፤ ይህን አንደብቅም። ነገር ግን ሕመምተኛ በሚያለቅስበት አጠገብ ድምፅ ማጉያ መክፈት ምስክርነት አይደለም። ጸበልተኛን ፎቶ ማንሣትም እንዲሁ። ቅጥሩ ውስጥ ከገባን እንደ ቦታው ሥርዓት እንልበስ፣ ጫማ አውልቁ ሲሉን እናውልቅ፣ ድምፃችንን ዝቅ እናድርግ። የእኛ ጉባኤ መካከል ሌላው ገብቶ እንዲያደርግብን የማንፈልገውን አናድርግ።

ተራራው ላይ የጣልነው ደግሞ እዚያው አይቀርም። ቀበና ወንዝ የሚነሣው ከእንጦጦ ነው፤ በከተማው መካከል አልፎ ከአቃቂ ጋር ይገናኛል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። እኛ ላይ ሆነን የጣልነውን ፕላስቲክ ታች ያለው ጎረቤታችን በከብቱ ውሃና በጎመን ማሳው ያገኘዋል። ጎረቤትን መውደድ እስከዚያ ድረስ ይወርዳል።

ዛሬ ወጣቶቻችን ሲወጡ ባዶ ጆንያ ይዘው ይወጣሉ፤ የራሳቸውንም የሌላውንም ቆሻሻ ይዘው ይወርዳሉ። ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቆያል። እናቶቹ ሸክማቸውን አውርደው ባረፉበት ሲደርሱ፣ “እናቴ፣ በርቱ፤ ላሸክምዎት?” ይላሉ። ሸክም አውርዶ ያረፈ ሰው መልሶ የሚያሸክመው ይፈልጋልና። “እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ” የሚለውን ምርቃት ተቀብለው የሚገቡበት ጸሎት፣ ከዚያ ቀን ጸሎታችን ይሻላል ብለን እናምናለን።

ያችን ፊታቸውን ያዞሩ እናት ዳግም አላገኘናቸውም። ይቅርታ የምንጠይቀው በሌሎቹ እናቶች ፊት በምንመላለስበት መንገድ ነው። ጌታ ዓይናችንን ያብራልን። አሜን።